በፖርታሉ በር ላይ ያረፈው ማኅተም

ከሁሉ በፊት ከባድ ይቅርታ ይቀድማል። የሚከተለው ወሬ ስለ አንድ የተከበሩ፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ እሑድ እንኳ ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ስም አንሥቶ መሳቅ ነውር ነው። ነውርነቱ ታውቆ፣ ጥርስ ተነክሶ፣ ግንባር ተቋጥሮ የሚነገር ነገር ስለሆነ ሰሚውም ግንባሩን ቋጥሮ ይስማ። ሳቁ የግድ ከመጣበት ወደ ግድግዳው ዞር ይበል።

አንድ ቀን ፈለቀ የሚባል የድረ ገጽ ንድፍ ሠሪ አንድ ሙሉ ድረ ገጽ በብብቱ ሸጉጦ አቶ ልዑልሰገድ ቢሮ ገባ። ድረ ገጽ እንዴት በብብት ይሸጎጣል የሚል ሰው ካለ፣ አቶ ልዑልሰገድን አያውቃቸውም። እሳቸው በወረቀት ያልታተመ ነገር አያዩም፤ ቢያዩም አያምኑም። ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኃላፊነት አሳልፈው ጡረታ ሲወጡ፣ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው «አንደበት» የተባለ የኦንላይን ቋንቋ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ክፍል የለው፣ ሰሌዳ የለው፣ ደወል የለው፤ መምህሩና ተማሪው የሚገናኙት በኢንተርኔት ነው። ያለው አንድ ቢሮ፣ ቢሮው ውስጥ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ክብ ማኅተም ነው። አቶ ልዑልሰገድ ይህን ማኅተም ከዓይናቸው አይለዩትም። ምሳ ሲበሉ እንኳ ከሳህኑ በስተቀኝ ያስቀምጡታል ይባላል። የተባለውን ሁሉ ማመን አይገባም፤ በስተግራ ነው የሚሉም አሉ።

የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አብዛኞቹ የመርካቶ ነጋዴዎች ናቸው። ዕቃ ሊያመጡ ቻይና እየሄዱ፣ ሻጩና አስተርጓሚው ፊታቸው ቆመው ሲሳሳቁ ምን እንደተባባሉ ሳያውቁ መመለስ ያንገበገባቸው ሰዎች። እነዚህን የምታስተምረው መምህርት ውዳላት ናት፤ ቻይንኛን እዚያው አገሩ ተምራ የመጣች፣ ሳቋ ከበር የሚቀድማት ሴት። ችግሩ ግን ፖርታሉ ነበር። ፖርታል ማለት ተማሪው ስልኩን ከፍቶ ወደ ክፍሉ የሚገባበት ገጽ ነው። የድሮውን ፖርታል ያሠሩት አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው ስለነበሩ፣ ሊማር የመጣ ሰው በመጀመሪያ በራዕይ ያልፋል፤ ቀጥሎ ተልዕኮ ይጠብቀዋል፤ ተልዕኮውን ሲጨርስ እሴቶች በረድፍ ቆመው ይቀበሉታል፤ ከእሴቶቹ ኋላ የአቶ ልዑልሰገድ ፎቶግራፍ ከነመልእክቱ አለ። ይህን ሁሉ አልፎ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ አልቋል። ብዙዎቹ ነጋዴዎች በቻይንኛ አጥርተው የሚያውቁት ቃል «ደህና ሁኑ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ የሚደርሱት እዚያ ላይ ነበርና።

አቶ ልዑልሰገድ ይህን አይተው «መምህርት፣ ክፍልሽ ሰው የለውም፤ ይዘጋል» አሉ። ውዳላት ለመነች። ፖርታሉ ይታደስ፣ የሚያድሰውን ሰው እኔ አመጣለሁ አለች። ያመጣችው ፈለቀን ነው። እሳቸውም በስንት ልመና ተስማሙ፤ ነገር ግን አዲሱ ፖርታል በሚመረቅበት ቀን ክፍሉ በሰው ካልሞላ፣ ቻይንኛው ይዘጋል፣ ውዳላት ትሰናበታለች፣ ፈለቀም በመጣበት እግሩ ይመለሳል። ስለዚህ ያን ቀን ፈለቀ በብብቱ ሸጉጦት የገባው የሴትዮዋን እንጀራ ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራውን በደንብ አስቦበታል። ነጋዴ ምን ያውቃል ብሎ ራሱን ጠየቀ። በር ያውቃል! ጠዋት የሱቁን በር ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል። እናም ልክ እንደ መርካቶ ሱቅ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ አረንጓዴ የብረት በር ሣለ። ተማሪው በጣቱ ነካ ያደርገዋል፤ በሩ ወለል ይላል፤ ውዳላት ከነሳቋ ቁጭ ብላለች። በቃ። ራዕይ የለ፣ ተልዕኮ የለ።

አቶ ልዑልሰገድ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ገለበጡት። ጀርባው ባዶ መሆኑን አይተው አዘኑ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የፖርታሉ የመጀመሪያ ገጽ ነው ጋሼ።»

«እሱማ ገባኝ። ቁጥሩ የታለ?»

«የምን ቁጥር?»

«የደብዳቤ ቁጥር ነዋ! ቀኑስ? ‹ጉዳዩ› የሚለውስ?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደብዳቤ አይደለም፤ በር ነው።»

«በር ይሁን! በር ጉዳይ የለውም? ሰው ያለ ጉዳይ በር ላይ ይቆማል?»

ነገሩ ሲያስቡት ስህተት የለበትም። አቶ ልዑልሰገድ ቀይ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ከበሩ በላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ጉዳዩ፦ ወደ ክፍል መግባትን ይመለከታል» ብለው ጻፉበት፤ ከሥሩም አሠመሩበት።

«እሺ፤ ተማሪው በሩን ሲነካው ምን ይሆናል?»

«ይከፈታል።»

«ከዚያስ?»

«ይገባል።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

አቶ ልዑልሰገድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠራረጉ። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቢሮ ስቀመጥ፣ ዝም ብሎ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። የሚገባ ሰው አይቻለሁ፤ ዝም የሚል ሰውም አይቻለሁ። ዝም ብሎ የሚገባ ግን!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሥራህ አይከፋም። ሕጋዊነት ነው የሚጎድለው።»

ይህን ብለው ማኅተሙን አነሡ። ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃህ!» ብለው ተነፈሱበት። ፈለቀ ወረቀቱን ሊያተርፍ እጁን ሰደድ አደረገ፤ አልደረሰም።

«ማኅተም እንዴት እንደሚመታ ታውቃለህ? መታወቂያህን አይተኸው አታውቅም? ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ! እንዳይነጠል፣ እንዳይለወጥ! ይህም እንዲሁ ነው፤ ግማሹ በቀኙ መዝጊያ፣ ግማሹ በግራው!»

ጠብ! ማኅተሙ በሁለቱ መዝጊያዎች መጋጠሚያ ላይ፣ እጀታውን ሸፍኖ፣ ክብ ሆኖ፣ ሰማያዊ ሆኖ አረፈ። ፊርማቸውንም ከአንዱ መዝጊያ ወደ ሌላው አሻግረው ጎተቱበት። «በዚሁ መሠረት ይፈጸም» አሉ።

«ጋሼ፣ ወደ ራስጌው ከፍ ብናደርገውስ? በሩ ላይ ሲሆን ትንሽ…»

«ትንሽ ምን?»

ትንሽ ምን እንደሆነ ፈለቀም አላወቀውም። እንዲህ ያለ በር የሆነ ቦታ ያየ ይመስለዋል፤ የት እንደሆነ ግን ጠፋበት።

«ማኅተሜን ንክች ብታደርግ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ ወረቀቱን እየመለሱለት፣ «የምረቃውን ቀን አልጠብቅም።»

ውጭ ውዳላት ትጠብቀው ነበር።

«እንዴት ሆነ?»

«ጸደቀ።»

«ታዲያ ፊትህ ምን ሆኗል?»

«ጸደቀ አልኩሽ እኮ።»

ፈለቀም በታዘዘው መሠረት በሩን ከነማኅተሙ ከነፊርማው ፖርታሉ ላይ አወጣው። የምረቃው ቀን ደረሰ። ቢሮው በአበባ ተሞላ። የግድግዳው ቴሌቪዥን ላይ ፖርታሉ ይታያል፤ ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሪባን አስረውታል። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ወይዘሮ አመለወርቅ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። አቶ ልዑልሰገድ እንኳ ቃላቸውን የማይመልሱላቸው ሴት ናቸው። ጥግ ላይ ውዳላት ላፕቶፗን ከፍታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ተማሪዎቿን ትጠብቃለች። አቶ ልዑልሰገድ አጭር ንግግር አደርጋለሁ ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ስብሰባው መከፈቱን አበሰሩ፤ ሪባኑን ቆረጡ። ጭብጨባ ሆነ። ቴሌቪዥኑ ላይ አረንጓዴው በር ከነማኅተሙ ደምቆ ታየ።

«ኒ ሃኦ!» አለች ውዳላት ወደ ላፕቶፗ። ቻይናዎች ሰላም የሚሉት እንዲያ ነው።

ማንም የለም።

«ኒ ሃኦ?»

ዝም።

«ይመጣሉ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ ለወይዘሮ አመለወርቅ። «የእኛ ሰው እኮ ‹ተጀመረ› ሲባል ነው ሱሪውን መፈለግ የሚጀምረው።»

ተጠበቀ። ኬክ ተቆረሰ። ተበላ። ወይዘሮ አመለወርቅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ጥቂት ቆይተው የሰዓታቸውን ጤንነት እንደሚጠራጠር ሰው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ውዳላት «ኒ ሃኦ» ማለቷን ትታ ከንፈሯን ነከሰች። ፈለቀ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ «ይህን በር የት ነው ያየሁት?» ይላል በልቡ።

በመጨረሻ አቶ ልዑልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ መምህርት፣ የተባባልነውን ታስታውሻለሽ። ፖርታሉ ይታደስ አልሽ፣ ታደሰ። ሰው ግን…»

የውዳላት ስልክ ጮኸ። አየችው። «ተማሪዬ ነው፤ አቶ ሙዘይን። የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ።»

«ድምፁን ክፈቺውና ሁላችንም እንስማ!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ። «ለምን እንደቀረ ለቦርዱ ያስረዳ!»

ከፈተችው።

«ሄሎ መምህርት! አይዞሽ! አይዞሽ እህቴ! አንቺ ብቻ አታልቅሺ!»

«አላለቀስኩም።»

«ጎበዝ! እንዲያ ነው! በእኔም ደርሷል፤ ያልፋል። ቆይ፣ ምን አድርጋችኋል ብለው ነው? ግብር ነው? ወይስ ቻይንኛ ፈቃድ ይፈልጋል?»

ቢሮው ውስጥ ኬክ ያኝክ የነበረ ሰው ማኘኩን አቆመ።

«አቶ ሙዘይን፣ ምንድን ነው የሚሉት? ለምን ክፍል አልገቡም?»

«ምነው መምህርት! ምን በደልኩሽ? የታሸገ በር ልስበር? የልጆች አባት እኮ ነኝ!»

«የታሸገ?»

«አሁን ከእኔ ትደብቂያለሽ? ጠዋት ልማር ብዬ ስልኬን ከፈትኩ፤ በሩ ተዘግቷል፤ በሁለቱ መዝጊያ መሃል ማኅተም ግጥም ብሎበታል፤ ፊርማ አለው። በላዩ ‹ጉዳዩ› ይላል። ከ‹ጉዳዩ› በታች ያለውን ማን ደፍሮ ያነባል? ስልኩን ወርውሬ ሱቅ ዘጋሁ። እኔ ብቻ መሰልኩሽ? መደዳውን ሱቅ ዘግቷል! ጨርቅ የምትሸጠው ወይዘሮ ዘምዘም ስልኳን ጆንያ ውስጥ ደብቃዋለች፤ ‹ተማሪ ነሽ ወይ ብለው ከመጡ ፊደል አልቆጠርኩም እላለሁ› ትላለች።»

ያኔ ፈለቀ በሩን የት እንዳየው መጣለት። የሆነ ጥፋት ተገኘበት ተብሎ የተዘጋ ሱቅ ሁሉ በር እንዲህ ነው፤ በሁለቱ መዝጊያ መጋጠሚያ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ያን ያየ ነጋዴ ደግሞ እንኳን ሊገባ፣ በዚያ መንገድ አያልፍም። እሱ የሱቅ በር ሣለ፤ ሰውየው አሸጉት።

«የት ናችሁ አሁን?» አለች ውዳላት።

«ደረጃውን እየወጣን ነዋ! እንዲህ ባለ ቀን ብቻሽን እንተውሽ?»

በሩ ተከፈተና ተማሪዎቹ ተግተልትለው ገቡ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በየጥጉ ቦታ ቦታቸውን ይዘው እጃቸውን በጉንጫቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ አንደኛው አበባውን አየ፤ ኬኩን አየ፤ የተቆረጠውን ሪባን አየ።

«ኬክ?» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለችው ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው። «ድንጋጤ ነው። ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል።»

አቶ ሙዘይን ቀጥታ ወደ አቶ ልዑልሰገድ ሄደው በሁለት እጃቸው የሰውየውን እጅ ጨበጡ። «ጋሼ፣ አላህ ያበርታዎት። ምንም አያስቡ፤ እኛ ሰው እናውቃለን። ያሸገው ሰውዬ ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩን። የትኛውም ሰው ቢሆን ዘመድ አይጠፋውም፤ በዘመዱ በኩል ገብተን እንለምነዋለን።»

አቶ ልዑልሰገድ እጃቸውን ከአቶ ሙዘይን እጅ መንጭቀው አወጡ።

«አዎ» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ መነጽራቸውን አጥልቀው ቴሌቪዥኑን ጠጋ ብለው እያዩ። «ያሸገውን ሰውዬ እኔም ባውቀው ደስ ይለኛል።»

የአቶ ልዑልሰገድ ፊት በርበሬ መሰለ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፤ ፈለቀን አገኙት። «ይሄ ነው!» አሉ በጣታቸው እየወጉት። «ሁሉን ያበላሸው ይሄ ነው! በል ና! አሁኑኑ ማኅተሙን አንሣና በሩን ክፈት! ጥፋቱም የአንተ መሆኑን እዚሁ ቦርዱ ፊት ተናገር!»

ሰው ሁሉ ወደ ፈለቀ ዞረ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ቢል፣ እሱን ያመጣችው ውዳላት ናትና አብራው ተባረረች። «የእርስዎ ነው» ቢል፣ ሽማግሌ በአደባባይ ያዋረደ ባለጌ ተባለ፤ ያም ሆኖ ተባረሩ። ውዳላት ላፕቶፗን መክደን ጀምራለች።

ፈለቀ ከመቀመጫው ተነሣ። ወደ ኮምፒውተሩ ግን አልሄደም። ሄዶ በሩ አጠገብ ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አገጩን ትንሽ ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ከሰው ራስ በላይ ባዶ ግድግዳ ላይ ተከለ። በአገሩ ጉዳይ ይዞ ቢሮ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያን ትሑት፣ ያን የደከመው፣ ያን ምንም የማይለውጠውን የበረኛ ፊት ለበሰ።

«ጋሼ» አለ፣ «የታሸገ በር የሚከፍተው ያሸገው ኃላፊ ብቻ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ አሁን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ።»

ከዚያ ከአቶ ሙዘይን ሆድ አንድ ድምፅ ወጣ፤ እንደሚተነፍስ ጎማ። ያ ሁሉ ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ በየደጁ ቆሞ የሰማትን ቃል፣ አንድ ቀን እንኳ ለኃላፊ ስትነገር ሰምቶ አያውቅም ነበርና፣ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ወይዘሮ አመለወርቅ እንባቸውን በሪባኑ ቁራጭ እየጠረጉ ተነሡ።

«በሰብሳቢነቴ» አሉ፣ «ስብሰባው ተዘግቷል። ይኸው ኃላፊው ነፃ ናቸው፤ ይክፈቱት።»

አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው ሄደው፣ ፈለቀ በትሕትና ባሳያቸው ቁልፍ ላይ ራሳቸው ጣታቸውን አሳርፈው፣ በገዛ እጃቸው ማኅተማቸውን አነሡ። ነጋዴው ሁሉ እዚያው በተቀመጠበት ስልኩን አውጥቶ በሩን ነካ፤ ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ውዳላት «ኒ ሃኦ» ስትል የመለሰላት ድምፅ መስኮት አንቀጫቀጨ፤ የመሰናበቷን ነገር ከዚያ ወዲያ ያነሣ የለም። የፈለቀንም እንዲሁ።

እንግዲህ አደራ፤ ይህን ለማንም አትናገሩ። ሰውየው የተከበሩ ናቸው፣ ልጆችም አሏቸው። በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ወረፋ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ጭራሽ እንዳትነግሩ፤ እዚያ ቦታ ብቻውን ሲስቅ የተገኘ ሰው ያስጠረጥራል።